«አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል»

ለባለቤቴ የተገኘው ሥራ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አልፏል፣ ቃለ መጠይቁን አልፏል፣ ደመወዙም ተነግሮታል። የቀረው በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ፣ ከትምህርት ደረጃውና ከሥራ ልምዱ በታች የተጻፈው ነው፦ «አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። ሥራ ፈልጎ ጋዜጣ የገለጠ ሰው ሁሉ ይህችን መስመር ያውቃታል። ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፤ የሰው ንብረት በእጁ የሚገባ ሁሉ ዋስ ይጠራል። እኔ መስመሯን በሁለት በኩል አውቃታለሁ። ባሌ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። እንጀራዬን የማገኘው ደግሞ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ ለሰው ዋስ ሆነው የተከሰሱ ሰዎች መዝገብ በእጄ ያልፋል።

ባለቤቴ ለአምስት ዓመት የሠራው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ከልብስ ፋብሪካዎቹ በአንዱ ነበር። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ነው፤ እርሱ የገባው በ2010። እኔ ከልጆቹ ጋር አዲስ አበባ ቀረሁ፣ እርሱ ቅዳሜ ማታ እየመጣ እሑድ ከሰዓት ይመለስ ነበር። ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና የሚመጣውን የጨርቅ ጥቅል፣ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የሚረከበው እርሱ ነበር። ማታ በስልክ ስናወራ ስለ ዕቃ ሲነግረኝ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር፤ የትኛው ጥቅል እርጥበት እንደነካው፣ የትኛው ከተጻፈበት ሜትር አጥሮ እንደተገኘ፣ የትኛው ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ መውጣት እንዳለበት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በእርሱ ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አገደች፤ እገዳው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እስከዚያ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ የጥጡ ከ16 በመቶ በላይ፣ የሰው ሠራሽ ጨርቁ ደግሞ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ። ገዢው የት ሄዶ እንደሚገዛ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። በባለቤቴ ፋብሪካ ነገሩን ከሁሉ በፊት ያየው መጋዘኑ ነው። ስብሰባ ሳይጠራና ማስታወቂያ ሳይለጠፍ፣ የሚገባው ጥቅል እያነሰ፣ ባዶው መደርደሪያ እየበዛ ሄደ። «የሚቆጠር ነገር እያጣሁ ነው» አለኝ አንድ ማታ። ሠራተኛው በየዙሩ ሲቀነስ ቆይቶ የእርሱ ተራ በ2015 ደረሰ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ለተሰናበተ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዩ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ፣ በላዩ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። አምስት ዓመት ላገለገለ ሰው 130 ቀን ይሆናል። ገንዘቡ ተከፈለን፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው። ነገር ግን በአገራችን ከ130ኛው ቀን በኋላ የሚመጣ ምንም ነገር የለም። በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል፤ ጡረታ ግን ለሽምግልና እንጂ ለሥራ አጥነት አይደለም። ሥራ ያጣ ሰው መድን የሚስቱ ደመወዝ ነው፣ ወይም የባሏ፣ ወይም ውጭ አገር ያለች እህቱ።

ያለ ሥራ ያሳለፍነውን ጊዜ ወር በወር አልተርከውም። ከዕቁባችን ወጣን። ልጆቹን ከነበሩበት የግል ትምህርት ቤት አውጥተን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባናቸው። ደግነቱ በመካከሉ የቤት ኪራይ አዋጁ ወጣ፤ ቁጥር 1320/2016። የሁለት ዓመት ውል ስለፈረምን አከራያችን በየጥቂት ወሩ የሚያመጡት የጭማሪ ወሬ ቆመ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ሰው ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኛን ግን ከጎዳና አትርፎናል፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ባለቤቴ ጠዋት አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ይዞ ይዞራል። በሐምሌ ወር ሥራ ያገኛል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ድርጅቶች ንብረት ስለሚያስቆጥሩ ለጥቂት ቀን በውሎ አበል ይቀጥሩታል። የሌላውን ሰው መጋዘን ቆጥሮ አቧራ ለብሶ ሲገባ ፊቱ ላይ የማየው ደስታ ያሳዝነኝ ነበር። በቆጠራ ላይ እንከን የማይወጣለት ሰው መሆኑን ሁሉም ይመሰክሩለታል፤ ቋሚ ቦታ ሲመጣ ግን «ከለቀቅህ በኋላ ምን ስትሠራ ቆየህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። «እንደውልልሃለን» ብለው የሚሸኙት ደግሞ አይደውሉም። ፈትኖ የጣለ አሠሪ «አላለፍህም» የሚል አንዲት አጭር መልእክት ቢልክ ምን ይጎዳዋል? በቤታችን ስልክ በጠራ ቁጥር የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም።

አሁን የተገኘው ሥራ ቃሊቲ አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪክና የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት። የጠየቁት ዋስ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዙ ከባለቤቴ ደመወዝ የማያንስ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ሰው ነው። ይህንንም ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። የትዳር ጓደኛ አይሆንም ተባልን። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ የእርሱ ዕዳና የእኔ ደመወዝ አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ማታ ተቀምጠን የምናውቃቸውን ሰዎች ስም ጻፍን። ወረቀቱ ላይ ስም ብዙ ነው፤ ሲጣራ ማን ቀረ? አጎቱ ጡረታ ወጥተዋል። የክፍል ጓደኛው ለወንድሙ ልጅ ዋስ ሆኗል። የአክስቴ ልጅ ጥሩ ገቢ አለው፤ ግን የራሱ ሱቅ ስለሆነ «ቋሚ ሠራተኛ» አይባልም። የሐዋሳ ባልደረቦቹ አብረውት የተሰናበቱ ናቸው። አንድ የቅርብ ሰው ጉዳዩን ከሰማ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። ባለቤቴ በእርሱ አዘነ። እኔ አላዘንኩበትም፣ የማውቀውን ስለማውቅ።

መዝገብ ቤት ውስጥ በዓመቱ ከሚከፈቱት የፍትሐ ብሔር መዝገቦች መካከል እንዲህ የሚሉ አይጠፉም፦ ከሳሽ ድርጅቱ፣ 1ኛ ተከሳሽ የቀድሞ ሠራተኛው፣ 2ኛ ተከሳሽ ዋሱ። ብዙውን ጊዜ 1ኛው ተከሳሽ አይቀርብም፤ አድራሻው አይታወቅም፣ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል። 2ኛው ግን ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ይታወቃል፣ ደመወዙ በማኅተም ተረጋግጧል። እርሱ ይቀርባል። መስኮቴ ላይ ቆሞ «እኔ የፈረምኩት እንዲቀጠር ብዬ ነው» ይለኛል። ለእርሱ የምመልሰው ነገር የለኝም፤ ሥራዬ ቀጠሮውን መንገር ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ የጠፋው ዕቃ ሁሉ የተሰረቀ ይመስለዋል። ባለቤቴ ካስተማረኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ስህተት መሆኑን ነው። ዕቃ ሳይሰረቅ ይጎድላል። በጥቅል የገባ ገመድ በሜትር ሲወጣ በየቁርጡ የሚተርፈው ካልተመዘገበ ዓመቱ ሲያልቅ ልዩነት ይወጣል። ካርቶኑ 100 አምፖል ይላል፣ ውስጡ 96 ነው፤ ሲረከብ ያልተከፈተ ካርቶን የግምጃ ቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው የቃል ትእዛዝ ነው። ደንበኛ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል፣ አለቃው ይደውላል፣ «አውጣለት፣ ወረቀቱ በኋላ ይሞላል» ይላል። በኋላ አይሞላም። አለቃው ይቀየራል፣ ወይም ይረሳል፣ ወይም አላልኩም ይላል። የዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሲለያዩ በሰነድ የሚጠየቀው የግምጃ ቤቱ ሰው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ዋሱ። የቃል ትእዛዙን የሰጠው ሰው ስም መዝገቡ ላይ የለም።

ባለቤቴ ያለ ወረቀት አንዲት ሚስማር የማያወጣ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ሐዋሳ «ድርቅ» ይሉት እንደነበር አውቃለሁ። ለእኔ ይህ ከዋስ ሁሉ የሚበልጥ ዋስትና ነው፤ ግን ከማኅተም ጋር አይመጣም።

ደግሞ የዕቃው ዋጋ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ኬብል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቆጣሪ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። ዕቃው ያው ነው፣ መደርደሪያውም ያው ነው፤ ብሩ ግን እጥፍ ሆኗል። የዋሱ ደመወዝ በዚያ ልክ አላደገም። ዛሬ ለአስመጪ ግምጃ ቤት ዋስ የሚሆን ደመወዝተኛ የሚፈርመው በሕይወቱ ጨብጦት ለማያውቀው ገንዘብ ነው።

በመጨረሻ የሄድነው ወደ ጎረቤታችን ነው። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ በዕድር አብረን ያለን፣ በአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ለረጅም ዓመታት የሠሩና ጡረታ ለመውጣት ገና ጊዜ ያላቸው ሰው ናቸው። ባለቤቴ ጉዳዩን ሲነግራቸው ወዲያው «እፈርማለሁ፣ ምን ችግር አለው» አሉ። ቡና የምታፈላው ባለቤታቸው እትዬ ግን ረከቦቱን አስተካክላ ዝም አለች። ሲኒውን ካቀረበች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ልጄ፣ ባልሽን አምነዋለሁ። ልጆቼን ትቼበት መንገድ እሄዳለሁ። የማላምነው የማላውቀውን መጋዘን ነው።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞራ «ስንት ብር ነው የሚፈርሙልህ?» አለችው።

ቅጹን አወጣን። ቅጹ ላይ የብር መጠን የለም። «በሠራተኛው ጉድለት በድርጅቱ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል። በአንድነትና በነጠላ ማለት ድርጅቱ ከፈለገ ባለቤቴን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ጋሼ መሄድ ይችላል ማለት ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ እንደማይጸና ይደነግጋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሕጉ የወጣው በ1992 ነው፤ ቁጥሩ አርጅቷል፣ ሐሳቡ ግን አላረጀም። ስለዚህ የጋሼ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ የእትዬ ፈቃድ የግድ ነው። የቅጹ አዘጋጆች ለእርሷ የሚሆን መስመር አላስቀመጡም።

ይህን ስናገር ባለቤቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ይህን ሁሉ ካነሳን ሌላውን ሰው ይጠሩታል» አለኝ። ከእርሱ ቀጥሎ ፈተናውን ያለፈ ሰው እንዳለ ተነግሮታል። ቁጥር የሌለው ቅጽ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይወድቃል፣ እንግዲያው ዝም ብለን እናስፈርም የሚልም ሐሳብ ነበረው። እዚህ ላይ ተከራከርን። በእኔ በኩል የጋሼን ቤት «ከተከሰሳችሁ ትረታላችሁ» በሚል ማጽናኛ ማስገባት አልፈልግም። መጥሪያ የደረሰው ሰው እስኪረታ ድረስ የሚያልፍበትን አውቃለሁ፤ የጠበቃ ገንዘብ፣ ከሥራ መቅረት፣ የሌሊት እንቅልፍ። ሥራ ያጣን እኛ ሆነን ሳለ በደላችንን ወደ ሰው ቤት ማሻገር ለእኔ ሥራ ማግኘት አይደለም። እርሱም ይህን ያውቃል፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የተከፈተ በር ላይ ቆሞ «ቅጹን አስተካክሉልኝ» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ከውጭ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። ማታውን አልተኛም። እኔም አልተኛሁም፤ ሥራው በእኔ ምክንያት ቢቀር በዚህ ቤት እንዴት እንደምኖር እያሰብኩ ነበር።

በማግስቱ ሄደ። የሰው ኃይል ኃላፊዋን «ዋሴ መጠኑ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፤ ባለቤታቸውም አብረው ይፈርማሉ» አላት። ኃላፊዋ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችው። ሕግ ክፍሉን ጠይቃ እንደምትደውል ተናገረች። እንደገና «እንደውላለን»! ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን በእርግጥ ደወለች። ዋስትናው ከባለቤቴ የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ቅጹ ላይ ለዋሱ ባለቤት ፊርማም ቦታ ተጨምሯል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአሠሪዎች ማለት የምፈልገው ነገር አለ። ንብረት ያለው ሰው ንብረቱን መጠበቁ መብቱ ነው። ነገር ግን የመድን ድርጅቶች ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ውል ይሸጣሉ፤ የታማኝነት ዋስትና ይባላል። አሠሪው ዓረቦን ይከፍላል፣ ሠራተኛው እምነት ቢያጎድል መድኑ ይከፍላል። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ አብዛኛው አሠሪ የሰው ዋስ የሚመርጠው ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ይመስለኛል። መድን ዓረቦን ይጠይቃል፣ ጎረቤት አይጠይቅም። የንግዱ አደጋ ትርፉን ከሚያገኘው ሰው ላይ ተነሥቶ ምንም ከማያገኝ ደመወዝተኛ ላይ ይጫናል።

እኛ ቢያንስ ጋሼ ነበሩን። ከገጠር መጥቶ በአንድ ክፍል ሦስት ሆኖ የሚኖረው ተመራቂ ማንን ይጠራል? ከቤቷ የተፈናቀለችውስ? ወጣትነቷን ዓረብ አገር በሰው ቤት ጨርሳ የተመለሰችው፣ የምታውቀው ደመወዝተኛ የሌላት እህታችንስ? ፈተናውን በአንደኝነት ያልፋሉ፣ ያችን የመጨረሻ መስመር ግን አያልፉም። ሥራ አጥነት በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሚያውቁት ሠራተኛ እያነሰ ይሄዳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የሥራ በሩ ሰው ወዳጅ ባጣበት ሰዓት የወዳጅ ፊርማ ይጠይቀዋል። የታማኝነት መድን ዓረቦኑ ከሠራተኛው ደመወዝ ጥቂት በጥቂት ቢቆረጥ እንኳ ብዙዎቹ በደስታ ይቀበሉት ነበር። ባለቤቴም ይቀበለዋል፤ የሙከራ ጊዜውን፣ ማለትም 60 የሥራ ቀኑን ሲጨርስ ጋሼን አስወርዶ በመድን ለመተካት የሚያቀርበውን ማመልከቻ ከወዲሁ ጽፏል።

ጋሼና እትዬ ሰኞ ዕለት ፈረሙ። እትዬ አንድ ቃል አስገብታናለች፤ ቆጠራ በተደረገ ቁጥር ውጤቱ፣ ጎደለም ሞላም፣ ለእርሷ ይነገራት። ከጭንቀት ይልቅ ማወቅ ይሻለኛል አለች፤ ልክ ናት።

ባለቤቴም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል፣ በመካከሉ ቁልፉ በብዙ እጅ ዞሯል። ስለዚህ መጋዘኑ ካርቶኑ ሁሉ ተከፍቶ ይቆጠርና ርክክቡ በተገኘው ልክ ይሁን አለ። ድርጅቱ ተስማማ፤ ቆጠራው ሐሙስ ይጀመራል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ዋሱስ ሲቆጠር መገኘት ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ጠይቀንላቸው ተፈቀደላቸው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ለሐሙስና ለዓርብ የዓመት ፈቃድ ሞልተዋል።